የእጅ ኑድልና ደምፕሊንግ በሲንጋፖር፦ የቱን ልዘዝ?

ሲንጋፖር ውስጥ ሀውከር ሴንተር የሚባሉ የምግብ አዳራሾች ከ100 በላይ አሉ። ብዙዎቹ ጣሪያ እንጂ ግድግዳ የላቸውም። ጠባብ ጠባብ ሱቆች ተደርድረውባቸዋል። እያንዳንዱ ሱቅ የሚሠራው አንድ ወይም ሁለት ዓይነት ምግብ ነው፤ መሃል ያለው ጠረጴዛ የሁሉም ነው። መንግሥት የመንገድ ዳር ምግብ ሻጮችን እ.ኤ.አ. በ1968 እና በ1969 መዘገበ። ከዚያ አዳራሾቹን እየሠራ እስከ 1986 ድረስ ከመንገድ አንስቶ አስገባቸው። በ2020 ባህሉ በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

ለእኛ ሰውም ሲንጋፖር ያን ያህል ሩቅ አይደለችም። ለንግድ፣ ለስብሰባ፣ ለሥልጠና የሚሄድ አለ። በመሃል አርፎ ወደ ሌላ አገር የሚያልፍም አለ። ሆቴል ውስጥ ሳንድዊች በልቶ መመለስ ደግሞ ያሳዝናል፤ ምክንያቱም የከተማዋ ጥሩ ምግብ ያለው በርካሹ ቦታ ነው።

እዚያ ገብቶ ጦሙን የሚያድር የለም። ችግሩ ምርጫው ነው። በእጅ የተሠራ ኑድል የሚሸጥ ሱቅ ፊት ስትደርሱ ሰሌዳው ላይ ሦስት አራት ዓይነት ሊጥ አለ። በመረቅ ወይስ በደረቁ? ደምፕሊንጉስ፣ ማለትም ሥጋ ወይም ቅጠል በሊጥ የተጠቀለለበት፣ የተቀቀለ፣ የተጠበሰ ወይስ በእንፋሎት የበሰለ? ከኋላ ወረፋው ረዝሟል። ሻጯ ጭልፋዋን ይዛ አፍ አፋችሁን ታያለች።

ምክሬ አንድ ነው፦ ምርጫውን ከሊጡ ጀምሩ። ብዙ ሰው የሚያዝዘው ከላይ የሚደረገውን አይቶ ነው። ሥጋውን፣ እንቁላሉን፣ ፎቶውን። በእጅ የተሠራ ኑድል ግን ከሌላው የሚለየው በሊጡ ነው። ሊጡ ወፍራም ነው ወይስ ቀጭን፣ የተቆረሰ ነው ወይስ የተጎተተ? እሱን ካወቃችሁ መረቅ ይስማማው ወይም አይስማማው እንደሆነና ከጎኑ የትኛው ደምፕሊንግ እንደሚሄድ መወሰን ቀላል ይሆናል።

መጀመሪያ የአሳማውን ነገር እንጨርስ

አሳማ የማይበላ ሰው፣ ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም፣ ይህን ቀድሞ ማወቅ አለበት። በተለመደው የቻይና ኑድል ሱቅ አሳማ ከላይ ብቻ አይደለም ያለው። የተፈጨው ሥጋ አሳማ ነው። መረቁ ብዙ ጊዜ የሚፈላው ከአሳማ አጥንት ጋር ነው። በደረቁ የሚቀርበው ኑድል በአሳማ ስብ ሊታሽ ይችላል። ደምፕሊንጉ ውስጥ ያለውም ያው ነው። ስለዚህ "አሳማውን ተዉልኝ" ብሎ ማዘዝ አይበቃም። ሥጋው ይቀራል፤ መረቁ ግን ያው መረቅ ነው።

የሚያዋጣው ሱቅ መቀየር ነው። ሲንጋፖር ውስጥ ሙስሊሙ ሕዝብ ብዙ ስለሆነ ሐላል ነገር አይቸግርም። ሙይስ የሚባለው የእስልምና ጉዳይ ምክር ቤት ሐላል መሆኑን አረጋግጦ የምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ ሱቁ ላይ ተለጥፎ ታዩታላችሁ። በዶሮ ሥጋና በዶሮ መረቅ የሚሠራ ሐላል የእጅ ኑድል አለ። "አሳማና የአሳማ ስብ የለም" የሚል ጽሑፍ ግን የሻጩ የራሱ ቃል ነው፤ ከምስክር ወረቀቱ ጋር አንድ አይደለም። አሳማን ብቻ ለሚሸሽ ይበቃ ይሆናል። ሐላል ለሚፈልግ አይበቃም።

ሌላው ጥሩ መንገድ የላንጆው የበሬ ሥጋ ኑድል ነው። ላንጆው ከምትባል የሰሜን ምዕራብ ቻይና ከተማ የመጣ፣ ሁዊ የሚባሉት የቻይና ሙስሊሞች ምግብ ነው። ጥርት ያለ የበሬ መረቅ፣ ስስ የነጭ ፍጅል ቁራጭ፣ ቀይ የበርበሬ ዘይት፣ አረንጓዴ ድንብላል፣ በእጅ የተጎተተ ቢጫ ኑድል። ይህን በብዛት የምታገኙት ራሳቸውን በቻሉ ትንንሽ ምግብ ቤቶች ነው። ለጥቂት ዶላር ልዩነት ብላችሁ አትለፉት።

ጾም ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ጥንቃቄው ይበዛል። ባን ሚየን የሚባለው የእጅ ኑድል መረቅ መሠረቱ ኢካን ቢሊስ የሚባል ደቃቅ የደረቀ ዓሣ ነው። ሊጡ ውስጥ ብዙ ጊዜ እንቁላል ይገባል፤ ሳህኑ ላይም ሌላ እንቁላል ይፈረጥበታል። ቅጠል ብቻ ያለበት የሚመስለው ደምፕሊንግ እንኳ ብዙ ጊዜ ከእንቁላል ጋር ነው። ስለዚህ በብዙ ሀውከር ሴንተር ወደምታገኙት የቬጀቴሪያን ሱቅ ሂዱ። እነዚህ ሱቆች ብዙዎቹ የቡድሂስቶችን ሥርዓት የሚከተሉ ናቸው። ሥጋና ዓሣ የለም፤ ጠበቅ የሚያደርጉት ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም አይነኩም። ሆኖም "ኑድሉ እንቁላል አለው?" ብላችሁ መጠየቅ አትርሱ፤ እንቁላል የሚጠቀሙ አሉ። እንግሊዝኛ በየቦታው ይሠራል፤ አታፍሩ።

ሊጡ፦ የተቆረሰ፣ የተቆረጠ፣ የተጎተተ

በአብዛኛው የባን ሚየን ሱቅ ከአንድ ሊጥ ሦስት ነገር ይወጣል። ሊጡ የስንዴ ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨውና ብዙ ጊዜ እንቁላል ነው። ጠፍጣፋ ሆኖ ሲቆረጥ ባን ሚየን፣ ቀጠን ተደርጎ ሲቆረጥ ዩ ሚየን፣ በእጅ ሲቆረስ ሚ ሁን ኩዌ ይባላል። ዋጋው ተመሳሳይ ነው። አፍ ውስጥ ግን ሦስቱ ሦስት ምግብ ናቸው።

የእኔ ምርጫ ሚ ሁን ኩዌ ነው፤ ደጋግሜም እሱን እላለሁ። አሠራሩን ቆማችሁ ማየት ከቻላችሁ እዩ። ሻጩ የተዳመጠውን ሊጥ በግራ እጁ ይዞ የሚፈላው ድስት ላይ ይቆማል። በሁለቱ አውራ ጣቶቹ ጫፉን ገፋ አድርጎ ያሳሳዋል፤ ከዚያ ቆርሶ ውሃው ውስጥ ይጥለዋል። ግፋ፣ ቁረስ፣ ጣል። ዓይኑን እንኳ እጁ ላይ አያደርግም። አንዱ ቁራጭ ከሌላው ጋር አይመሳሰልም። ጣቱ ያረፈበት ጠርዝ ስስ ነው፤ መሃሉ ወፈር ይላል። ስትበሉት አንዱ ጉርሻ ውስጥ ለስላሳም ጥርስ የሚይዝም ነገር ታገኛላችሁ። ጎድጎድ ያለው ቦታ መረቅ ይይዛል። ማሽን የሚሠራው ኑድል ይህን አይሰጥም፤ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው። ሌላም ጥቅም አለው፦ በማንኪያ ይበላል። ቾፕስቲክ ላልለመደ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

ባን ሚየን ሪባን የሚመስል ጠፍጣፋ ነው። ጠንከር ያለ፣ የሚታኘክ ነገር የሚወድ ሰው ይሄን ይያዝ። ወፈር ስለሚል በሶስ ታሽቶ በደረቁ ሲቀርብ ቅርጹን ይጠብቃል። ማሌዥያ ውስጥ ይኸው ምግብ ፓን ሚ ይባላል፤ ኳላ ላምፑር የተወለደው በተጠበሰ ደረቅ በርበሬ የሚታሸው ዓይነት ሲንጋፖርም ድረስ ተወዳጅ ነው። ከበርበሬ ጋር ላደገ ሰው እሱን ሳይሞክሩ መመለስ ይቆጫል።

ዩ ሚየን ቀጭኑ ነው። ቶሎ ይበስላል፣ ቶሎም ይልማል። ለልጅ ወይም ሆዱ ለተረበሸ ሰው ጥሩ ነው። በተረፈ ለዚህ ብላችሁ አትሂዱ፤ ቀጭን ኑድል የትም አለ።

ላ ሚየን ሌላ መንገድ ነው። የሚሸጡት ሱቆችም የተለዩ ናቸው። እዚህ ቢላ የለም፤ ሊጡ ይጎተታል። ሠሪው ሊጡን በሁለት እጁ ይስብና አጥፎ ያጋጥመዋል። እንደገና ይስባል። በእያንዳንዱ እጥፋት ቁጥሩ እጥፍ ይሆናል፤ ሰባት ጊዜ ሲታጠፍ 128 ክር፣ ስምንት ጊዜ ሲታጠፍ 256 ክር ይወጣዋል። ሳይበጠስ የሚሳበው ሊጡ በደንብ ስለታሸና ስላረፈ ነው፤ የላንጆው ሠሪዎች ደግሞ አልካላይ ያለው ነገር ይጨምሩበታል። ቢጫነቱም ነጠር ማለቱም ከእሱ ይመጣል። ጉድለቱ አንድ ነው፦ አይጠብቅም። ትኩስ መረቅ ውስጥ አሥር ደቂቃ ከተቀመጠ ያብጥና ያ ጥሩ ነገሩ ይጠፋል። ፎቶ ማንሳት፣ ስልክ ማውራት የምታበዙ ከሆነ ላ ሚየንን ተዉት። ቁጭ እንዳላችሁ የምትበሉ ከሆነ ግን የሚወዳደረው የለም።

በመረቅ ወይስ በደረቁ?

በደረቁ ስታዝዙም መረቅ አይቀርባችሁም። በትንሽ ሳህን ለብቻው ይመጣል። ስለዚህ ጥያቄው ኑድሉ የት ይቀመጥ ነው። ወፍራሙን ባን ሚየን በደረቁ፣ የተቆረሰውን ሚ ሁን ኩዌ በመረቅ እዘዙ። በደረቁ የሚመጣው በሶያ ሶስ፣ በዘይትና በበርበሬ ይታሻል፤ ጣዕሙ ጠንካራ ነው፣ ጨውም ይበዛዋል። በመረቅ ያለው ለስላሳ ነው። የመንገድ ድካም ያለበት፣ ከአውሮፕላን የወረደ ሰው መረቁን ይውሰድ።

ስለ መረቁ ሳህን ትንሽ ልበል፤ አበላሉ ለውጥ ያመጣል። ላዩ ላይ የተፈጨ ሥጋ፣ የእንጉዳይ ቁራጭ፣ ቅጠልና የተጠበሰ ኢካን ቢሊስ አለ። የተጠበሱት ዓሦች እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻሉ፤ ግን መረቅ ሲነካቸው ይልማሉ። ቀድማችሁ ብሏቸው። ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ፣ ጣፈጥ የሚል ነው፤ አንዳንድ ሱቅ በምትኩ ቆስጣ መሳይ ነገር ያደርጋል። እንቁላሉ መረቁ ውስጥ ሳይመታ ሙሉውን ይፈረጣል። አስኳሉን ወዲያው አትንኩት። መጀመሪያ መረቁን እንዳለ ቅመሱት፤ ንጹሕ የባሕር ጣዕም አለው። ግማሽ ስትደርሱ አስኳሉን አፍርጡት። መረቁ ይወፍራል፣ ሌላ ምግብ ይሆናል። በጎን የሚመጣው በርበሬ ትንሽ ቢመስልም ኃይለኛ ነው። ሙሉውን ከመድፋት በፊት በማንኪያ ጫፍ ሞክሩት።

ደምፕሊንጉ

ደምፕሊንግን የምትመርጡት ያዘዛችሁትን ኑድል አይታችሁ ነው። መረቅ ያለው ነገር ካዘዛችሁ ከጎኑ የሚንኮሻኮሽ ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ ጉኦ ትየ ነው። መጥበሻ ላይ በዘይት ይደረደርና ውሃ ይጨመርበታል፤ ይከደናል። ውሃው እንፋሎት ሆኖ ላዩን ያበስላል። ውሃው ሲያልቅ ታቹ በዘይቱ ይጠበሳል። አንድ ደምፕሊንግ፣ ሁለት ዓይነት ቆዳ። ሲያምር ታቹ ወርቅማ ቡናማ ነው። ሰዓቱን ጠብቁለት፦ ከመጥበሻ ከወጣ ከቆየ ታቹ እንደ ቆዳ ይጠነክራል። ትሪ ላይ የተደረደረ ካያችሁ "አዲሱን እጠብቃለሁ" በሉ።

ኑድሉን በደረቁ ካዘዛችሁ የተቀቀለው ሹዊ ጂያኦ ይሻላል። ቆዳው ወፈር ያለ፣ ሊጡ የሚቀመስበት ነው። የእጅ ሊጥ ወዳጅ ከሆናችሁ ይሄ ከሁሉም ይበልጣል፤ ጥብስም ዘይትም አይሸፍነውም። በአቼቶና በዝንጅብል ይበላል።

ሆንግ ዩ ቻኦ ሾ ሲቿን የሚባለው የቻይና ክፍለ ሀገር ምግብ ነው። በጣም ስስ ቆዳ ያለው ደምፕሊንግ ቀይ የበርበሬ ዘይት ውስጥ ይዋኛል። ለሐበሻ ምላስ ቶሎ የሚገባው ይሄ ይመስለኛል። ከጎኑ ግን በበርበሬ የታሸ ኑድል አትዘዙ፤ ሁለቱ ይጋጫሉ፣ አንዱንም በደንብ አትቀምሱትም።

ሺያው ሎንግ ባኦ ደግሞ ሰው ሁሉ ስሙን ሰምቶ የሚመጣበት ነው። አመጣጡ በሻንግሃይ ዳርቻ ከምትገኘው ናንሺያንግ ነው። ውስጡ ሾርባ አለ። ሾርባው በመርፌ አይገባም። የአሳማ ቆዳ ተቀቅሎ መረቁ ሲቀዘቅዝ ይረጋል፤ የረጋው ተከትፎ ከሥጋው ጋር ይቀላቀላል፤ ደምፕሊንጉ በእንፋሎት ሲበስል ተመልሶ ይቀልጣል። አሳማ የማይበላ ሰው የተለመደውን ጨርሶ ይተወው፤ የሾርባው ሕይወት ከአሳማው ነው። የምትበሉ ከሆነ ችኮላ አያስፈልግም። ከላይ ያለችውን ቋጠሮ በቾፕስቲክ ያዙና ቀስ ብላችሁ አንሱ፤ ታቹ ከተጣበቀ ይቀደድና ሾርባው ይፈሳል። ማንኪያ ላይ አሳርፉት። ጎኑን ትንሽ ንከሱ፣ እንፋሎቱ ይውጣ፣ ሾርባውን ምጠጡ። ቀሪውን በዝንጅብልና በጥቁር አቼቶ ጨርሱት። ሙሉውን አፋቸው ከተው ምላሳቸውን የሚያቃጥሉ ሰዎች ዛሬም በየቀኑ አሉ።

ይህን ከሱቅ ልብላ ወይስ ከምግብ ቤት? እዚህ ላይ ሁለቱም መንገድ ያስኬዳል። ከታይዋን የተነሳው ዲን ታይ ፉንግ በ18 እጥፋቱ የታወቀ ነው፤ ቆዳው ስስ፣ እጥፋቱ አንድ ወጥ ነው። የሀውከር ሱቁ ቆዳ ወፈር ይላል፣ እጥፋቱም እንደ እጁ ነው። ዋጋው ግን በጣም ይቀንሳል። ምግብ ቤቱ በሒሳቡ ላይ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያና ከ2024 ጀምሮ 9 በመቶ የሆነውን ግብር ይጨምራል፤ ሀውከር ሱቅ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ብቻ ትከፍላላችሁ። ጥራት ከፈለጋችሁ ምግብ ቤቱ ያሸንፋል። ሲጠቀለል እያያችሁ፣ ከእንፋሎቱ ላይ እንደወረደ መብላት ከፈለጋችሁ ግን ሱቁ።

የት? በእርግጥስ የእጅ ነው?

ሁለቱንም፣ የተጎተተ ኑድልንና ደምፕሊንግን፣ በአንድ ሱቅ ለማግኘት ቻይናታውን ኮምፕሌክስ ጥሩ መነሻ ነው። ስሚዝ ጎዳና ላይ ነው፤ የምግቡ ወለል ፎቅ ላይ ነው፣ ከ200 በላይ ሱቆች አሉት። እዚያ ጆንግ ጉዎ ላ ሚየን ሺያው ሎንግ ባኦ የሚባለው ሱቅ ሚሸሊን የሚባለው የምግብ ቤቶች መመሪያ ቢብ ጉርማንድ ከሚላቸው፣ በመጠነኛ ዋጋ ጥሩ ምግብ ከሚሰጡ ቦታዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ወረፋ አለው። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ባን ሚየንና ሚ ሁን ኩዌ ለመብላት ስም ያለው ሱቅ ፍለጋ ከተማውን መዞር አያስፈልግም። ከሆቴላችሁ አጠገብ ያለው የሰፈር ሀውከር ሴንተር ውስጥ የመገኘቱ ዕድል ሰፊ ነው፤ ጥሩውም ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

"በእጅ የተሠራ" የሚለው ሰሌዳ ሁሉ አንድ አይደለም። ብዙ ሱቅ ሊጡን ራሱ አቡክቶ በማሽን ይዳምጠዋል፤ ይሄ ነውር የለውም፣ ሊጡ የዕለቱ ነው። የምትፈሩት ተዘጋጅቶ የተገዛውን ነው። ሱቁ ውስጥ ዱቄት የተነሰነሰበት ጠረጴዛ፣ ተሸፍኖ የሚያርፍ ሊጥ ካያችሁ እመኑ። ሚ ሁን ኩዌው ሁሉም እኩል አራት ማዕዘን ሆኖ ከመጣ በእጅ አልተቆረሰም። ደምፕሊንጉ ሲታዘዝ በሁለት ደቂቃ ከደረሰም ጠርጥሩ፤ አዲስ በእንፋሎት የሚበስል ነገር ጊዜ ይወስዳል።

ስትሄዱ

ጥሬ ገንዘብ ያዙ። ብዙ ሱቅ በስልክ ክፍያ ቢቀበልም የአገሬው ባንክ ሒሳብ የሚጠይቅ አለ። አንድ ሳህን ኑድል ከ4 እስከ 7 የሲንጋፖር ዶላር፣ 10 ፍሬ ደምፕሊንግ ከ6 እስከ 9 ቢሆን ነው። ሶፍት ይዛችሁ ግቡ፤ ሱቆቹ አይሰጡም። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ የሶፍት ፓኬት ካያችሁ ቦታው ተይዟል ማለት ነው፤ አትቀመጡ። እናንተም እንዲሁ መያዝ ትችላላችሁ። ሻጮቹን አንክል፣ አንቲ (አጎት፣ አክስት) ብሎ መጥራት የተለመደ ነው። ውሃና ሻይ ከመጠጥ ሱቅ ለብቻው ይገዛል።

በልታችሁ ስትጨርሱ ትሪውን ራሳችሁ መልሱ። ከመስከረም 2021 ወዲህ ጠረጴዛ ላይ ጥሎ መሄድ ያስቀጣል። የሐላልና የሌላው መመለሻ ለየብቻ ነው፤ ጽሑፉን አይታችሁ አስቀምጡ፣ ለሙስሊሙ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

ሰዓቱ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት አካባቢ ወይም ከምሳ ግርግር በኋላ ስምንት ሰዓት ይሁን። የእጅ ሊጥ የሚሠሩ ሱቆች ሊጡ ሲያልቅ ይዘጋሉ። የዕረፍት ቀናቸውም ይለያያል፤ ለጽዳት ደግሞ አዳራሹ በሙሉ ለቀናት የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ስለዚህ አንድ ሱቅ ብቻ አስባችሁ አትውጡ፣ ተለዋጭ ያዙ።

ብቻችሁን ከሆናችሁ ሚ ሁን ኩዌ በመረቅ፣ ቦታ ከተረፈ ጉኦ ትየ። ሁለት ከሆናችሁ አንዱ ባን ሚየን በደረቁ፣ አንዱ ሚ ሁን ኩዌ በመረቅ አዛችሁ ተካፈሉ፤ መሃል ላይ የተቀቀለ ሹዊ ጂያኦ ይቀመጥ። አሳማ የማትበሉ ከሆነ ላንጆው ላ ሚየን አዛችሁ ከዚያው ቤት የበሬ ወይም የበግ ደምፕሊንግ ካለ ጠይቁ። አራት ሆናችሁ ቻይናታውን ከሄዳችሁ ደግሞ አንድ ሰው ሺያው ሎንግ ባኦው ወረፋ ላይ ይቁም፣ ሌላው ጠረጴዛ ይያዝ፣ ሁለቱ ኑድሉን ያምጡ። ላ ሚየኑን መጨረሻ ላይ እዘዙት፤ ሁሉም ሰው ከተቀመጠ በኋላ።